አብራሪውን ያግኙ፣ ሰውየውን ያገኛሉ፦ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ባልደረባን የጦርነት አገልግሎት ከሰነድ መልሶ መገጣጠም

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ አየር ኃይል የቦምብ ጣይ ዕዝ፣ ቦምበር ኮማንድ በሚባለው ሥር፣ ወደ 125,000 የሚጠጉ የበረራ ሠራተኞች አገልግለዋል። 55,573ቱ ሞተዋል፤ 9,838ቱ ተማርከዋል። ሁሉም ለበረራ በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ገና የሃያዎቹን ዕድሜ የጀመሩ ወጣቶች። የእያንዳንዳቸው አገልግሎት በወረቀት ላይ ሰፍሯል። ችግሩ ወረቀቱ በአንድ ቦታ አለመሰብሰቡ ነው።

የአንድን ሰው ታሪክ የሚፈልግ ብዙ ጊዜ ስም ብቻ ይዞ ይነሳል፤ እዚያው ላይም ይቆማል። የዚያን ጊዜ ጸሐፊዎች የግል ፋይሉን በመለያ ቁጥር፣ የዕለቱን ግዳጅ በአውሮፕላኑና በአብራሪው ስም፣ ያልተመለሰውን ደግሞ በጠፋው አውሮፕላንና በጠፋበት ቀን ነበር የሚያስቀምጡት። በላንካስተር አውሮፕላን ውስጥ ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ አብራሪ፣ የበረራ መሐንዲስ፣ ናቪጌተር፣ ቦምብ አነጣጣሪ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ የላይ ተኳሽና የኋላ ተኳሽ። ስድስቱን የሚያገናኛቸው የሰባተኛው፣ የአብራሪው ስም ነው። የሚፈልጉት የኋላ ተኳሽ ከሆነ አብራሪው ማን እንደነበር ማወቅ ግማሹን መንገድ መሄድ ነው።

ለምሳሌ እየተመለስን የምናነሳው ሳይ ግራንትን ነው። የያኔዋ የብሪታንያ ጊያና ተወላጅ ሲሆን በ1941 አየር ኃይል ገባ፤ ናቪጌተር፣ ማለትም መንገድ መሪ፣ ሆኖ በእንግሊዝ ኤልሻም ዎልድስ በነበረው 103ኛ ስኳድሮን ተመደበ። ጁን 25 ለ26 አጥቢያ 1943 ወደ ጀርመኗ ከተማ ጌልዘንኪርሽን በተደረገው ግዳጅ አውሮፕላኑ ተመትቶ ኔዘርላንድ ላይ ወደቀ፤ እሱም ጦርነቱ እስኪያበቃ ምርኮኛ ሆኖ ቆየ። ከጦርነቱ በኋላ በተዋናይነትና በዘፋኝነት የታወቀው ይኸው ሰው ነው። እዚህ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቁጥሩ

ፍለጋውን በመለያ ቁጥሩ ይጀምሩ። ቁጥሩ ባልደረባው በረራውን በሚጽፍበት የግል ደብተር፣ በበረራ መዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ፣ በደብዳቤ ፖስታ ላይ፣ በደመወዝ ደብተር ወይም በአንገት ታርጋ ላይ ይገኛል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ በለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ኤር 78» የተባለው የመዝገብ ክፍል የአየር ኃይል ባለሌላ ማዕረጎችን (መኮንን ያልሆኑትን) ስምና ቁጥር የያዘ ማውጫ ነው። ስሙ የተለመደ ከሆነ ግን አንድ ስም ብዙ ቁጥር ስለሚያወጣልዎት የሁለተኛ ስሙን የመጀመሪያ ፊደል ሳይዙ አይግቡበት።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ፊት ለፊቱ «አር» ወይም «ጄ» ፊደል ካለ ሰውየው የካናዳ አየር ኃይል አባል ነው፤ «አር» ለባለሌላ ማዕረግ፣ «ጄ» ለመኮንን። በ4 የሚጀምር ባለስድስት አኃዝ ቁጥር ብዙ ጊዜ የአውስትራሊያ ነው። ይህን መለየት ዋና ነገር ነው፤ ምክንያቱም በአንድ አውሮፕላን ውስጥ የሦስት አገር ሰዎች አብረው ይበሩ ነበርና የእያንዳንዱ የግል ፋይል የሚገኘው በየአገሩ ቤተ መዛግብት ነው። እንግሊዝ አገር ሞቶ እንግሊዝ አገር የተቀበረ ካናዳዊ ፋይሉ ኦታዋ ነው።

ብዙ ሰው የሚስትበት ቦታ እነሆ፦ ሳጅን የነበረ ሰው መኮንን ሲሆን አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። በአሮጌው ቁጥር የሚፈልግ ሰው ታሪኩ በድንገት የተቋረጠ ይመስለዋል፤ ሞቷል ብሎ የሚደመድምም አለ። ሹመቱ በለንደን ጋዜት፣ በመንግሥቱ ይፋዊ ጋዜጣ፣ ይወጣ ነበር፤ በዚያ ላይ አሮጌውና አዲሱ ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ ተጽፈው ሊገኙ ይችላሉ። ጋዜጣው የወጣበት ቀንና ሹመቱ የሚጸናበት ቀን ግን ይለያያሉ። ሰውየው ከሞተ በኋላ የታተመ ሹመት ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

ቁጥሩ በእጅ ከገባ የአገልግሎት ፋይሉን ይጠይቁ። የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር እነዚህን ፋይሎች ከ2022 ጀምሮ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ እያዛወረ ስለሆነ ከማመልከትዎ በፊት የሚፈልጉት ፋይል ከሁለቱ የቱ ጋር እንዳለ ያረጋግጡ። በአገልግሎት ላይ ካልሞተ የሞት ማስረጃ ይጠየቃሉ፤ የቅርብ ዘመድ ከሆኑ የሚለቀቅልዎት መረጃ ሰፋ ይላል። ፋይሉ ላይ ቀጥ ያለ ታሪክ አይጠብቁ። የሚያገኙት የክፍል ስሞች ምሕጻረ ቃል፣ ከፊቱ ቀን፣ አልፎ አልፎም የማዕረግ ለውጥ ነው። ያም ቢሆን አጥንቱ እሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ የሚለብስ ሥጋ ነው።

የበረራ መዝገቡን ማንበብ

የበረራ መዝገብ ካለዎት ዕድለኛ ነዎት። የአብራሪዎቹ «ፎርም 414»፣ የናቪጌተሮቹና የተኳሾቹ «ፎርም 1767» ነው። በተኳሹና በናቪጌተሩ መዝገብ እያንዳንዱ መስመር ቀን፣ የተነሡበት ሰዓት፣ የአውሮፕላኑ ዓይነትና ቁጥር፣ የአብራሪው ስም፣ የመዝገቡ ባለቤት በበረራው ላይ የነበረው ሥራ፣ አስተያየት፣ መጨረሻ ላይም የቀንና የሌሊት የበረራ ጊዜ አለው። በወሩ መጨረሻ ድምሩ ይጻፍና የበላዩ ይፈርምበታል።

ቀለሙ ትርጉም አለው። በብዙ ስኳድሮኖች የሌሊት ግዳጅ በቀይ፣ የቀን ግዳጅ በአረንጓዴ፣ ልምምድ በሰማያዊ ወይም በጥቁር ይጻፍ ነበር። ሁሉም ግን አልተከተለውም፤ በሰማያዊ ስለተጻፈ ብቻ ልምምድ ነው ብለው አይለፉት። የሚፈርደው የአስተያየቱ ዓምድ ነው። «ኦፕስ» ካለ ግዳጅ ነው። «ዲሲኦ» ግዳጁ ተፈጽሟል፣ «ዲኤንሲኦ» አልተፈጸመም ማለት ነው። «ኤንኤፍቲ» ከሌሊቱ ግዳጅ በፊት አውሮፕላኑ የሚሞከርበት አጭር በረራ ነው። «ጋርደኒንግ» ቃሉ አትክልት መኮትኮት ቢሆንም ባሕር ውስጥ ፈንጂ መጣል ነው፤ ስለዚህ ግዳጅ ነው። «ኒክል» በራሪ ወረቀት መበተን ነው፤ ብዙ ጊዜ ገና ሥልጠና ላይ ያለ ቡድን ወደ ፈረንሳይ ይላክበት ነበር። «ቡልስአይ» ግን ጠላት አገር አይደለም፤ በብሪታንያ ሰማይ ላይ ከራሳቸው የመብራት ጦር ጋር የሚደረግ ልምምድ ነው። ይህን እንደ ግዳጅ ቆጥሮ ድምሩን የሚያሳብጥ ሰው ብዙ ነው። «ሴከንድ ዲኪ» የሚለው በአብራሪ መዝገብ ብቻ ይገኛል፤ አዲስ አብራሪ የራሱን ቡድን ይዞ ከመውጣቱ በፊት ልምድ ካለው ቡድን ጋር ለማየት የሚወጣበት ነው። አብራሪው ከሚያበራቸው ልጆች አንድ ወይም ሁለት ግዳጅ የሚበልጠው ለዚህ ነው፤ በዚሁ በረራ ላይ የሞተ አብራሪም አለ፤ ያን ጊዜ ቡድኑ አብራሪ አጥቶ ወደ ሥልጠና ይመለሳል።

የበረራውን ጊዜ እንደ ሚዛን ይጠቀሙበት። ከሊንከንሻየር ተነሥቶ የሩር ከተሞችን መትቶ መመለስ ወደ አራት ሰዓት ተኩል ወይም አምስት ሰዓት፣ በርሊን ሰባትና ስምንት፣ ሰሜን ጣሊያን ስምንትና ከዚያ በላይ ይወስድ ነበር። መዝገቡ «በርሊን» ብሎ አጠገቡ ሁለት ሰዓት ተኩል ካለ ሞተር ተበላሽቶ፣ የተኳሽ ኦክስጅን ተቋርጦ ወይም ክንፍ በበረዶ ተይዞ ከመንገድ ተመልሰዋል ማለት ነው። ከመንገድ የተመለሰ በረራ እንደ ግዳጅ ይቆጠር አይቆጠር በአዛዡ ውሳኔ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን ሰውየው በዳር ከጻፈው ይውሰዱ፤ ራስዎ አይደምሩለት።

አንድ የአገልግሎት ዙር 30 ግዳጅ ነበር፤ ሁለተኛው ዙር 20። በ1944 የጸደይ ወራት ግን በፈረንሳይ የሚደረግ ግዳጅ ቀላል ነው ተብሎ እንደ አንድ ሦስተኛ እንዲቆጠር ታዘዘ። በመዝገብ ዳር ⅓ የተጻፈ ካዩ ስህተት አይደለም፤ ይህ ነው። ሜይ 3 ለ4 አጥቢያ 1944 በማዪ ለ ካን ጦር ሰፈር ላይ በተደረገው አንድ ግዳጅ 42 ላንካስተሮች ሲጠፉ ያ አቆጣጠር ምን ያህል ግፍ እንደነበር ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ ቀረ። የአንድን ሰው ድምር በዚያ ወቅት ላይ ሲያሰሉ ያለ ክፍልፋዩ አይሆንም።

የሰዓቱ ነገር ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች የራሱ ወጥመድ አለው። 01፡15 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 7፡15 ነው። ቀኑ ደግሞ ከመንፈቀ ሌሊት ላይ ስለሚገለበጥ አንዱ ሌሊት ሁለት ቀን ይሆናል። በአማርኛ «ለ26 አጥቢያ» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እነሱ 25/26 ብለው ይጽፉታል። መዝገቡ የተነሡበትን ቀን 25 ሲል የመቃብሩ ድንጋይ 26 ሊል ይችላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመረጃ ቋት ውስጥ አንዱን ቀን ብቻ አስገብቶ «የለም» የሚል መልስ የሚያገኝ ሰው ቀጣዩን ቀን ሳይሞክር መተው የለበትም።

የስኳድሮኑ ዕለታዊ መዝገብ

የበረራ መዝገብ ከሌለ፣ ወይም ያለው አጭር ከሆነ፣ ዋናው ምንጭ ስኳድሮኑ በየዕለቱ የጻፈው ነው። በኪው «ኤር 27» ውስጥ በስኳድሮን ቁጥርና በወር ተከፍሎ ተቀምጧል፤ ከቤት ሆኖ ማውረድም ይቻላል። ሁለት ፎርም አለው። «ፎርም 540» የወሩ ጥቅል ትረካ ነው፤ አየሩ፣ ማን መጣ፣ ማን ተዛወረ፣ ሽልማት። «ፎርም 541» ደግሞ እያንዳንዱን በረራ በየአውሮፕላኑ ይዘረዝራል፤ የአውሮፕላኑን ቁጥር፣ የባልደረቦቹን ስም፣ የተነሡበትንና ያረፉበትን ሰዓት፣ አብራሪው ሲመለስ የተናገረውን። ሁለቱ ለየብቻ የሚወርዱ ስለሆኑ አንዱን ብቻ ይዘው እንዳይቀሩ።

541ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡ፤ ስም በመፈለጊያ አይመኑ። ገጾቹ ፎቶግራፍ ናቸው፤ በታይፕ የተጻፉትም በድካም የተጻፉ ስለሆኑ ስም ይጣመማል፣ የመጀመሪያ ፊደል ይቀያየራል። አንድ ጊዜ የአብራሪውን ስም ካወቁ ግን ዓይንዎ በቀላሉ ይይዘዋል። የሳይ ግራንት አብራሪ አልተን ላንጊል የተባለ ካናዳዊ ነበር፤ በላንጊል ስም ሲሄዱ ግራንት ከሥሩ ይገኛል።

አውሮፕላኑን በተራ ቁጥሩ እንጂ በጎኑ ላይ በተቀባው ፊደል አይከተሉ። የግራንት ላንካስተር «ደብሊው 4827» ነበር፤ ይህ ቁጥር ለሌላ አውሮፕላን አይሰጥም። ጎኑ ላይ ያለው ፊደል ግን አውሮፕላኑ በጠፋ በጥቂት ቀን ውስጥ ለተተኪው ይሰጣል። በአንድ ስኳድሮን ውስጥ በአንድ ዓመት አራት የተለያዩ አውሮፕላኖች አንድን ፊደል ሊይዙ ይችላሉ፤ በፊደል ብቻ የሄደ ሰው የሌላውን ሞት ለዚህኛው ይጽፍለታል። የአውሮፕላኑን ዝውውር የሚያሳየው ካርድ «ፎርም 78»፣ የአደጋው ካርድ «ፎርም 1180» ነው።

የዒላማ ፎቶግራፍ ቤት ውስጥ ካገኙ ከሥሩ ያለችውን ነጭ ጽሑፍ በማጉያ ያንብቡ። የጦር ሰፈሩ ምሕጻር፣ ሌሊቱ፣ የካሜራው ሌንስ ርዝመት በኢንች፣ ከፍታው በጫማ፣ አውሮፕላኑ የነበረበት አቅጣጫ በዲግሪ፣ ሰዓቱ፣ ዒላማው፣ የቦምቡ ጭነት፣ የአብራሪው ስምና ስኳድሮኑ በተርታ ይገኛሉ። አንዲት ፎቶ ብቻዋን ወደ 541 ትክክለኛ መስመር ትመራለች።

ከስኳድሮኑ በፊት የነበረው

ሥልጠናው ብዙውን ጊዜ ከግዳጁ ይረዝማል፤ አንድ ዓመት ተኩል ማለፉ የተለመደ ነበር። አብዛኞቹ አብራሪዎችና ናቪጌተሮች ባሕር ተሻግረው ነው የሠለጠኑት። በካናዳ የተቋቋመው የጋራ ሥልጠና ብቻ 131,553 የበረራ ሠራተኞችን አስመርቋል። ከዚያ ወደ ብሪታንያ ተመልሰው «ኦቲዩ» ወደሚባለው የግዳጅ ማሠልጠኛ ይገባሉ። ቡድኑ የሚመሠረተው እዚያ ነው፤ ሁሉንም አንድ ትልቅ ሃንጋር ውስጥ አስገብተው እርስ በርሳችሁ ተመራረጡ ይሏቸው ነበር። ከዚያ «ኤችሲዩ» በሚባለው ማሠልጠኛ ባለአራት ሞተር አውሮፕላን ይለምዳሉ።

የበረራ መሐንዲስ የሚፈልግ ሰው በኦቲዩ ሰነድ ውስጥ ጊዜውን አያጥፋ። በኦቲዩ የነበረው አውሮፕላን በአብዛኛው ባለሁለት ሞተር ዌሊንግተን ስለሆነ መሐንዲስ አያስፈልገውም፤ መሐንዲሱ በዌልስ ሴንት አታን ተምሮ ቡድኑን የሚቀላቀለው ኤችሲዩ ላይ ነው። የበረራ መዝገቡም ከዚያ ይጀምራል፤ ገጾቹ ስላነሱ የጠፋ ነገር አለ ብለው አይጠርጥሩ። እንደዚሁ ከ1942 በፊት በደረቱ «ኦ» ያለበት ክንፍ የለበሰ ሰው «ኦብዘርቨር» ነበር፤ መንገዱንም ይመራል፣ ቦምቡንም ያነጣጥራል። በዚያ ዓመት ሥራው ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለተኛው አብራሪም ቀረ። የ1940ን ቡድን በ1943 ሚዛን የሚመዝን ሰው ሥራውን ያዛባዋል።

ያልተመለሰ ከሆነ

541 ላይ «ኤፍቲአር» (አልተመለሰም) ወይም ከተነሡ በኋላ አልተሰማም የሚል መስመር ሲደርሱ የስኳድሮኑ ሰነድ ያበቃል፤ ምክንያቱም የሆነውን የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ በሦስት አቅጣጫ ይሂዱ። መጀመሪያ የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን፤ ስሙ መቃብር ካለው የት እንዳለ፣ ከሌለው በራኒሚድ መታሰቢያ ላይ በየትኛው ሰሌዳ እንደተቀረጸ ይነግርዎታል። በራኒሚድ መቃብር የሌላቸው ከ20,000 በላይ ስሞች አሉ። ቀጥሎ በሊንከን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የቦምበር ኮማንድ ማዕከል የሟቾች መረጃ ቋት፤ እዚያ የአንዱን ስም ሲከፍቱ የሌሎቹ ባልደረቦች ስም አብሮ ይወጣል። ሦስተኛው በኪው «ኤር 81» የተባለው የጠፉ አውሮፕላኖች ፋይል ነው፤ በየጊዜው እየተከፈተ ስለሆነ ዛሬ ያልተገኘው ከርሞ ሊገኝ ይችላል። በፋይሉ ውስጥ የቤተሰብ ደብዳቤ፣ ከጦርነቱ በኋላ አስከሬን ሲፈልጉ የነበሩት ቡድኖች ያደረጉት ምርመራ፣ አንዳንዴም የመቃብር ቁፋሮ ዝርዝር አለ። ሟቹ አያትዎ ከሆኑ ብቻዎን ሆነው አይክፈቱት።

የተቀበረበት ቦታ የወደቀበት ቦታ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ በየመንደሩ የተቀበሩት ተነሥተው ራይክስቫልድና ራይንበርግን ወደመሳሰሉ ትላልቅ መካነ መቃብሮች ተሰብስበዋል። የሰባቱም መቃብር አጠገብ ለአጠገብ ከሆነ፣ ወይም «የጋራ መቃብር» ከተባለ፣ አውሮፕላኑ ሰዎቹ ሳይዘሉ ወድቋል ወይም ፈንድቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ከሰባቱ አንዱ ብቻ ሌላ ቦታ ከሆነ ቀድሞ የዘለለ ሊሆን ይችላል።

የተማረከ ከሆነ የጀርመኖቹ የምርኮኛ ካርድ እዚያው ኪው በ«ደብሊውኦ 416»፣ ነጻ ሲወጡ የሞሉት መጠይቅ በ«ደብሊውኦ 344» ይፈለጋል። ግራንት የነበረበት ሽታላግ ሉፍት 3 የአየር ኃይል ምርኮኞች ካምፕ ነው። በምርኮ ላይ ያለ ሰው ማዕረጉ ጊዜውን ጠብቆ ያድግ ስለነበር ሳጅን ሆኖ ወድቆ ዋራንት ኦፊሰር ሆኖ መመለሱ የሰነድ ስህተት አይደለም። ዙሩን ጨርሶ የተረፈው ሰው ደግሞ በአብዛኛው አስተማሪ ሆኖ ወደ ኦቲዩ ይላካል፤ በሥልጠና አደጋ የሞተው ብዙ ስለሆነ ፍለጋውን ሠላሳኛው ግዳጅ ላይ አያቁሙ።

በሜዳሊያ ብቻ ሰው አይፈለግም። የዚያ ጦርነት የብሪታንያ የዘመቻ ኮከቦች ስም ሳይቀረጽባቸው ነው የታደሉት፤ በሣጥን የተገኘ ኮከብ የማን እንደነበር አይነግርም። የጀግንነት ሜዳሊያው ግን ይለያል፤ ዲኤፍኤም ለባለሌላ ማዕረጎች የሚሰጥ ሲሆን ስም ተቀርጾበታል።

በኢትዮጵያ ሰማይ የበረሩት

ይኸው ዘዴ ለእኛ ታሪክም ያገለግላል። በ1940ና 1941 ከሱዳን እየተነሡ በኤርትራና በኢትዮጵያ የጣሊያንን ሠራዊት የመቱት 14ኛውና 47ኛው ስኳድሮኖች የዕለት መዝገባቸው በዚያው በኤር 27 ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚያበሩት ዌልስሊ የተባለ ባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ስለነበር በ541 ላይ ሰባት ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ስም ነው የሚያገኙት። የ14ኛው ስኳድሮን የጁን 11፣ 1940 የምጽዋ ድብደባ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 4 ቀን 1932 ላይ ይውላል፤ የአርበኞችን ማስታወሻ ከእነሱ መዝገብ ጋር የሚያስተያይ ሰው መጀመሪያ ይህን ልወጣ በወረቀት ይሥራ። የደቡብ አፍሪካ ስኳድሮኖች ሰነድ ፕሪቶሪያ፣ የጣሊያኖቹ ደግሞ ሮም በአየር ኃይሉ የታሪክ ቢሮ ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ማንም የሌለው ጥቅም አለው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ የቦታ ስም የጻፈው በጆሮው እንደሰማው፣ ወይም ከጣሊያን ካርታ ላይ እንደገለበጠው ነው። ከረን «ቸ» በሚነበብ ፊደል ተጀምሮ ይገኛል፤ ቡሬና ደንገላም እንደየጸሐፊው ይለዋወጣሉ። ስሙን ድምፅ አውጥተው ያንብቡት፤ ከዚያ በአቅራቢያው የተጠቀሰውን ወንዝ ወይም ምሽግ ይዘው በካርታ ላይ ያመሳክሩ። ያገኙትን የቦታ ስም በአማርኛ ሲጽፉ የመዝገቡን የፊደል አጻጻፍም ከጎኑ ያኑሩት፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ፈላጊ ያንኑ መስመር ማግኘት የሚችለው በእሱ ነው።